የሞያሌ ሎሚ

የኢንስፔክተር ወለላ ስልክ ሲጮህ እሷ ግማሽ ከንፈሯ ደንዝዞ የጥርስ ሐኪሙ ወንበር ላይ ተጋድማ ነበር። ቢንያም ነገሌ ቦረና ገበያ ጀርባ ክሊኒክ የከፈተ ወጣት ሐኪም ነው፤ ሰው አፉን ከፍቶ መመለስ እንደማይችል ስለሚያውቅ ምክሩን አያሳጥርም።

«የጥርስዎ ሽፋን እየሳሳ ነው» አላት። «ኮምጣጣ ነገር ማዕድኑን እያሟሟ ይወስደዋል። ከሳሳ በኋላ ቀዝቃዛውም ትኩሱም ነርቭዎ ድረስ ይዘልቃል። ሎሚና ለስላሳ ይተዉ።»

ስልኩ ከጣቢያ ነበር። ጡረተኛው ሻምበል እንዳሻው አልጋቸው ላይ ሞተው ተገኝተዋል፤ አጠገባቸው የመዥገር መድኃኒት የተደባለቀበት የሎሚ ውሃ አለ። ራሳቸውን ነው ያጠፉት ተብሏል።

ወለላ በባጃጅ ጦር ካምፑ አጠገብ ወዳለው ቤት ስትደርስ አራት ሰዓት ሆኖ ነበር። በሩ ላይ ቄስ ገብረወልድ መስቀላቸውን ይዘው ቆመዋል።

«ልጄ፣ ቀብሩ ለዘጠኝ ሰዓት ተብሏል። ራሳቸውን አጥፍተው ከሆነ ግን ፍትሐት የለም፤ ከቤተ ክርስቲያኑ ቅጥርም አይገቡም። ሥርዓቱን እኔ አላወጣሁት።»

«እስከ ስምንት ሰዓት ይታገሡኝ፣ አባ።»

የሟች ሚስት ወይዘሮ ፍሬሰንበት ደረጃው ላይ ተቀምጠዋል። አላለቀሱም። ጎረቤቱ ይህንኑ እያየ ይንሾካሾካል፤ ጎረቤት መቼም ሥራ አይፈታም።

«ከቅዳሴ ስመለስ ነው ያገኘሁት» አሉ፣ ዓይናቸውን መሬት ላይ ተክለው። «ሠላሳ ሁለት ዓመት አብረን ኖረን፣ ደህና ሁኚ እንኳ ሳይለኝ ሄደ። ምን አድርጌው ነው?»

ወለላ በአጠገባቸው አልፋ ወደ መኝታ ቤቱ አመራች። ገብታ ሬሳውን አየች። መድኃኒቱ ከንፈራቸውና የሸሚዛቸው ኮሌታ ላይ ይሸታል። ከንፈሩን ገለጥ አደረገችው። የፊት ጥርሶቻቸው ጫፍ ሳስቶ ብርሃን ሊያሳልፍ ደርሷል፤ ሌላው ቢጫ ሆኗል። በየማለዳው መስታወት ውስጥ የምታየው የራሷ ጥርስ ነው፤ የእሳቸው ብሷል እንጂ። ጠረጴዛው ላይ ለሚጠዘጥዝ ጥርስ የተሠራ ሳሙና፣ ለስላሳ ብሩሽና የእንቅልፍ ክኒን ተቀምጧል። ከአልጋው ግርጌ የወደቀው ትራስ ላይ ደግሞ ምራቅና የደም ጠብታ ደርቆበታል።

ቢንያም ጋ ደወለች።

«ሻምበል? ወር ሆኗቸዋል ከመጡ» አለ። «ሃያ ዓመት ሙሉ በባዶ ሆድ የሎሚ ውሃ ሲጠጡ ሽፋኑ አልቋል። አስቆምኳቸው። አሁን ሎሚ ጥርሳቸውን ቢነካቸው ከአልጋ ያስነሳቸዋል።»

ሌሊቱን ግቢው ውስጥ ያደሩት ከሟች ሌላ ሦስት ሰዎች ናቸው፦ ወይዘሮ ፍሬሰንበት፣ የጓሮ ክፍል ተከራይዋ ዲንኪቱ፣ እንዲሁም ሁለት ወር ሳይመጣ ቆይቶ ትናንት ከሞያሌ የደረሰው የሻምበል ታናሽ ወንድም ተክሉ፣ የጭነት መኪና ሹፌር።

«አካም» አለቻት ዲንኪቱ፣ በኦሮምኛ ሰላምታ።

«ናጋ። መድኃኒቱ የማን ነው?»

«የእኔ፤ ለፍየሎቼ ነው። ግቢ መደርደሪያ ላይ ነው የሚቀመጠው፣ ማንም ያነሳዋል።»

«ሻምበል ጠዋት ጠዋት ምን ነበር የሚጠጡት?»

«ለብ ያለ ውሃ። ድሮ ሎሚ ነበረ፣ ጥርሳቸው እምቢ ሲል ተዉ።»

ተክሉ መኪናውን ተደግፎ ቆሟል። ያንኑ ጠየቀችው።

«ሎሚ ነዋ» አለ። «ያለ ሎሚ መች ነግቶለት ያውቃል? ትናንት እንኳ ከሞያሌ አንድ ፌስታል አምጥቼለት ደስ ብሎት ተቀበለኝ።»

ወለላ ወደ ደረጃው ተመለሰች።

«ሻምበል ሎሚውን ተቀበሉት እንዴ?»

«ምን ያድርግ?» አሉ ወይዘሮ ፍሬሰንበት። «ወንድሙ ስንት አገር አቋርጦ ያመጣለትን አልፈልግም ይበለው? እግዜር ይስጥልኝ አለና፣ እንዳልናገር በዓይኑ ጠቀሰኝ። ተክሉ ሊታጠብ ሲወጣ ፌስታሉን ለዲንኪቱ ሰጠኋት።»

ስምንት ሰዓት ላይ ሁሉም ሳሎን ተሰበሰቡ። ቄሱም ገቡ። የወለላ ከንፈር ገና አልተፈታም፤ ቃሉን እየለየች፣ ቀስ እያለች ተናገረች።

«ከሆስፒታል የመጣው ሐኪም አይቷቸዋል። መድኃኒቱ ከከንፈር አላለፈም፤ ጉሮሯቸው ንጹሕ ነው። እትዬ ቅዳሴ ሲሄዱ ሻምበል ክኒን ወስደው ተኝተው ነበር። አንድ ሰው በትራስ አፍኖ ገደላቸው፤ ከዚያ ጠጥተው የሞቱ ለማስመሰል ብርጭቆውን አዘጋጀ። የሎሚ ውሃ የመረጠው አሁንም ልማዳቸው ስለመሰለው ነው። ሚስታቸው መተዋቸውን ያውቃሉ። ዲንኪቱም ታውቃለች።»

«እነሱ አውቀው ያደረጉት ቢሆንስ?» አለ ተክሉ። «በእኔ ለማሳበብ።»

«ይሆናል። ታዲያ ሎሚው ከየት መጣ? ከነገሌ ገበያ ሎሚ ከጠፋ ሳምንት አልፎታል። ወጥ ቤቱ ውስጥ የለም።»

ዲንኪቱ ፌስታሉን ጠረጴዛው ላይ አኖረችው። ሞያሌ ላይ በሲባጎ እንደታሰረ ነው፤ አልተፈታም። ተክሉ ሲባጎውን አየው፤ የራሱ ቋጠሮ ነው። ከዚያ ወዲያ ቀና ብሎ አላየም።

«ወጥ ቤት ገብተህ ሎሚ ስታጣ መኪናህ ላይ ከጫንከው የሎሚ ጆንያ ወሰድክ» አለች ወለላ፤ አንቱታው ቀርቷል። «የተጨመቀውን ልጣጭ ፖሊሶቹ ወንበርህ ሥር አግኝተውታል። ሻምበል አንተን ላለማስቀየም ብለው ነው መተዋቸውን ያልነገሩህ።»

ተክሉ ፌስታሉን ከፊቱ ገፋ አደረገው። ሲናገር ድምፁ ውስጥ ምንም አልነበረም።

«አሬሮ መንገድ ላይ ሰው ገጭቼ አልቆምኩም። ሰውዬው ሞቷል። ወንድሜ ነው ብዬ ማታ ነገርኩት። ‹ጠዋት ራስህ ሂድ፤ አለዚያ እጅህን ይዤ እወስድሃለሁ› አለኝ። እንዳሻው ያለውን ያደርጋል።»

«ፍትሐት እንደሚከለከል እያወቅክ?» አሉ ቄሱ።

«አውቃለሁ፣ አባ።»

ፖሊሶቹ ይዘውት ወጡ። ቄስ ገብረወልድ ዲያቆናቱን ሊጠሩ ተነሡ፤ ከበሩ ውጭ ሰው ስለ አስከሬን ሳጥኑ መነጋገር ጀመረ። ወይዘሮ ፍሬሰንበት ከተቀመጡበት አልተነቃነቁም።

«እትዬ» አለች ወለላ። «ፍትሐቱ ይደረጋል።»

«ትቶኝ አልሄደም ማለት ነው» አሉ ወይዘሮ ፍሬሰንበት።

«አልሄዱም።»

ግድግዳውን ይዘው ተነሡ። መኝታ ቤት ገቡና ከአልጋው ጠርዝ ተቀምጠው የባላቸውን ጉንጭ በመዳፋቸው ያዙት።

«ከጠዋት ጀምሮ ስረግምህ ነው የዋልኩት» አሉት። «እንዳሻው፣ ይቅር በለኝ።»