በጫማ ማስቲሽ የተለጠፈ ፀጉር

ለጣፊዋ የምትሠራው በአንድ የጫማ ፋብሪካ ነው። ማስቲሹን በብሩሽ ትቀባለች፤ ትንሽ እስኪደርቅ ትጠብቃለች፤ ከዚያ ሶሉን ከጫማው ጋር ገጥማ በሁለት እጇ ትጫነዋለች። ዘጠኝ ዓመት ሙሉ ይህንኑ ስትሠራ ስለኖረች በስሟ የሚጠራት የለም። እሷ የለጠፈችው ጫማ ቆዳው ያልቃል እንጂ ሶሉ አይላቀቅም ይሏታል። ሲሏትም ደስ ይላታል፤ መመስገንን ማን ይጠላል!

እሷ በምትሠራበት ክፍል ያሉ ሴቶች በምሳ ሰዓት ከካርቶኖቹ ጀርባ ተቀምጠው ፀጉር መለጣጠፍ ልማዳቸው ነበር። ረጅም ፀጉር ገዝተው በፀጉር ሙጫ ከገዛ ፀጉራቸው ሥር ያጣብቁታል። አንድ ቀን ሙጫው መሐል ላይ አለቀና የለጣፊዋ ጭንቅላት ግማሹ ረጅም፣ ግማሹ አጭር ሆኖ ቀረ።

"ምን ያስጨንቃችኋል?" አለች ቆዳ የምትሰፋው ጓደኛዋ፣ ሰፊዋ የሚሏት። "ጎማን ከቆዳ ያጣበቀ ፀጉር ያቅተዋል? ማስቲሹን አቀብሉኝ!"

አንዷ እንኳ "ተይ" አላለችም። ሁሉም ሳቁ። ለጣፊዋ ከሁሉም በላይ ሳቀች፤ "ስስ አድርገሽ ቀቢው፣ አሁን ተጫኚው" እያለች በገዛ ጭንቅላቷ ላይ አለቃ ሆነች።

እውነት ለመናገር ፀጉሩ አምሮባት ነበር፤ ሌሎቹም አይተው እነሱም በማስቲሽ መለጠፍ ጀመሩ። አፏ ያመለጣትም ያን ሰሞን ነው። የባሏ ታላቅ እህት የታወቀች ፀጉር ሠሪ ናት። በአንድ የዘመድ ግብዣ ላይ "ሙሽሪት፣ በምንድን ነው የለጠፋችሁት? እስቲ ልየው" ብትላት፣ "እትዬ፣ የሙጫን ነገር ለእኔ ተይው፤ ያንቺ እጅ ይቅርብኝ" አለቻት፤ ያውም ሰው ሁሉ እየሰማ። ፀጉር ሠሪዋ ከዚያ ቀን ወዲህ ወንድሟ ቤት ዝር አላለችም።

ወር ሳይሞላ ጉድ ፈላ። መጀመሪያ አሳከካት። ቀጥሎ የራስ ቅሏን አንድ ሰው ጨምድዶ የያዛት ይመስል ይወጥራት ጀመር። በጎኗ መተኛት አቃታት፤ ከጆሮዋ ኋላ ቆሰለና መግል ያዘ። አንድ ጠዋት ጥርሷን ነክሳ አንዱን ዘለላ ብትመነጭቀው የገዛ ፀጉሯን ከነሥሩ ይዞ ወጣ። መዳፏ ላይ ያለውን አይታ እንደ ሕፃን አለቀሰች። ከዚያ ሻሽ አሰረች።

"ምነው፣ ቤት ውስጥም ሻሽ?" አላት ባሏ።

"ብርድ መትቶኝ ነው።"

ልጇ ልታቅፋት እጇን ወደ አንገቷ ስትሰድ "አትንኪኝ!" ብላ ጮኸችባት። የሰባት ዓመቷ ልጅ ምን እንዳጠፋች ሳታውቅ ጥግ ይዛ ቆመች። ለጣፊዋ መግቢያ መውጫው ጠፋባት። ለባሏ እንዳትነግረው ለእህቱ ይነግራል። ሌላ ፀጉር ቤት እንዳትሄድ፣ እሷ ሳትመለስ ወሬው ሰፈር ይደርሳል። ለሥራ ጓደኞቿ እንዳትናገር ደግሞ እነሱ እየሳቁ፣ ፀጉራቸውን ወዲያ ወዲህ እያደረጉ ይሠራሉ፤ የከፋባት እሷ ብቻ መሰላት።

እሁድ ረፋድ ላይ ባሏ ልጅቷን ይዞ ወጣ። ለጣፊዋ ከፋብሪካ በትንሽ ጠርሙስ ይዛ የመጣችውን ቲነር አንሥታ መታጠቢያ ቤት ገባችና በሩን ቆለፈች። ፋብሪካ ውስጥ ሶል ተጣሞ ሲለጠፍ የሚያስለቅቁት በቲነር ነው። ጥጥ ነክራ ከጆሮዋ በላይ ባለው ላይ ጫነችው።

እሳት የነካት መሰላት። ወደ ቁስሉ የወረደው ደግሞ ነፍሷን ሊያወጣት ደረሰ። ዓይኗ አነባ፤ በዚያች ጠባብ ክፍል ሽታው ጉሮሮዋን ያዛት፤ ራሷ ዞረና ወለሉ ላይ ቁጭ አለች። ይህን ጊዜ የመታጠቢያ ቤቱ በር ተንኳኳ።

"ሙሽሪት፣ እኔ ነኝ።" የባሏ እህት ነበረች። "ወንድሜ 'ሚስቴ ጭንቅላቷን ትደብቀኛለች' ብሎ የቤቱን ቁልፍ ሰጥቶ ላከኝ። ይሄ ሽታ ምንድን ነው? ቲነር ነው እንዴ?"

"ሂጂልኝ፣ እትዬ።"

"አልሄድም። ይሄ እኮ ጭሱ ብቻውን በእሳት ይያያዛል፤ ክብሪት እንዳትጭሪ! መጀመሪያ መስኮቱን፣ ከዚያ በሩን ክፈቺ።"

"ትስቂብኛለሽ።"

"እስቃለሁ። ግን ዛሬ አይደለም፤ ሲሻልሽ።"

ለጣፊዋ እያለቀሰች ከፈተች። ፀጉር ሠሪዋ አየቻትና ከንፈሯን መጠጠች። ጭንቅላቷን በብዙ ውኃና በሳሙና ደጋግማ አጥባ ብርሃን ባለበት ወንበር ላይ አስቀመጠቻት።

"መንጭቀሽ አውጪልኝና ልገላገል፣ እትዬ።"

"መመንጨቅማ ሞከርሽው። ሙጫ በጉልበት ሲወጣ ያንቺን ይዞ ነው የሚወጣው። ቀስ ብለን በዘይት ነው የምናስለቅቀው።"

የተለጠፈውን ረጅሙን ፀጉር በመቀስ አሳጠረችው። ቁስሉን እየሸሸች የፀጉር ዘይት ሙጫው ላይ ብቻ በጣቷ አሸች፤ በሞቀ ውኃ ተነክሮ በተጨመቀ ፎጣ ጠቀለለችውና ግማሽ ሰዓት ተቀመጡ። ከዚያ የለሰለሰውን በሰፊ ማበጠሪያ ከጫፍ ጀምራ ለቀም ለቀም አደረገች። እምቢ ያለውን ተወችው።

"የፀጉር ሙጫ ቢሆን ዛሬውኑ እንጨርስ ነበር። ይሄ የጫማ ነው፤ ብዙ ያስለምነናል። ቁስሉን ግን እኔ አልነካም፤ ነገ ጤና ጣቢያ ትሄጃለሽ።"

"እትዬ፣ ያን ቀን ስለተናገርኩሽ..."

"ዝም በይ፣ ጭንቅላትሽን አታነቃንቂ" አለቻት፤ ድምፅዋ ግን ለስልሶ ነበር።

አራት ቀን ፈጀባቸው። ጤና ጣቢያ ያለችው ነርስ መድኃኒት ሰጥታ፣ ከጆሮዋ በላይ መዳፍ በምታህለው ቦታ ምናልባት ዳግመኛ ፀጉር ላይበቅል እንደሚችል ሳትደብቅ ነገረቻት። ለጣፊዋ በመንገድ ላይ ሻሿን እንዳይወልቅ በእጇ ይዛ እያለቀሰች ተመለሰች።

ሥራ በገባችበት ቀን ምሳ ሰዓት ላይ ሰፊዋ ከካርቶኖቹ ጀርባ ጠራቻት። ሌሎቹ ከበዋታል፤ የማስቲሹ ቆርቆሮ ተከፍቷል።

"ነይ እስቲ፣ ጠርዙ ተነሣብኝ። ያንቺ እጅ ይሻላል፤ ትንሽ ቀቢልኝ።"

ለጣፊዋ ብሩሹን ተቀበለቻት። እንደ ወትሮዋ ልትስቅ ትችል ነበር፤ "እጄን አሞኛል" ብላ ልታልፈውም ትችል ነበር። ብሩሹን አስቀምጣ ሻሿን ፈታች።

ማኘኩ ሁሉ ቆመ። የተላጠችውን ቦታ፣ ገና ያልጠገገውን ቁስል ሁሉም አዩ። ማንም አልሳቀም።

"ማስቲሽ ነው እንዲህ ያደረገኝ፤ ቲነር ጨረሰኝ" አለች። "ቀድሜ ብናገር ይሄን ያህል አልጎዳም ነበር። አፍሬ ዝም አልኩ። እኔ ዝም ስል እናንተ መቀባታችሁን ቀጠላችሁ፤ የእሱ ጥፋት የእኔ ነው።"

ሰፊዋ አንገቷን ደፋች። እጇን ቀስ ብላ ወደ ማጅራቷ ሰደደች።

"እኔንም" አለች ድምፅዋ እየተሰበረ፣ "እኔንም ከቆሰለኝ ሁለት ሳምንት ሆኖኛል።"

ከኋላዋ አንዷ "እኔንም" አለች። ከዚያ ሌላዋ።