የማይሞቀው ምድጃ

ጠጋ ጠጋ በሉ። ኩራዙን ዝቅ አድርጉት፤ ወሬው ረጅም ነው፣ ጋዙ እንዳያልቅብን። በሩ ተቀርቅሯል? ደህና። መሃል ላይ “ይብቃን” የሚል ሰው ካለ አሁኑኑ ይውጣ። የለም? እንግዲህ ስሙኝ።

ወሩ ኅዳር ነው። ሰዓቱ ወደ አሥራ አንድ፣ ፀሐይ ልትጠልቅ ስትል። መንገዱ አንድ ሰው ብቻ የሚያሳልፍ ቀጭን መንገድ ነው። በግራ ገደል፣ በቀኝ ጫካ። ታች መንደር አለ፤ ስሙን አልነግራችሁም፣ ዛሬም ሰው ይኖርበታል። ላይ፣ ጫካው ጫፍ ላይ፣ አንዲት ጎጆ አለች። ከመንደሩ ጎጆዋ ድረስ ግማሽ ቀን ያስኬዳል። በመሃል ቤት የለም። የውሻ ድምፅ የለም። ጉም ከወረደ ደግሞ የገዛ እግርህ አይታይህም።

በዚያ መንገድ አንድ ሰው በርሜል ተሸክሞ ይወጣል። በርሜል! በገመድ ጠፍሮ፣ ጀርባው ላይ። አህያ አልነበረውም? ነበረው። አህያው ግማሽ መንገድ ላይ ቆመ። ጎተተው፤ እምቢ። ለመነው፤ እምቢ። መታው፤ ተኛ። ሰውየው ተናደደና በርሜሉን ራሱ ተሸከመ። አህያውን ወደ ታች ለቀቀው።

ይህ ሰው ስንሻው ይባላል። የጫካው ጠባቂ ሆኖ ከተቀጠረ አራት ወሩ ነው። ክፉ ሰው አልነበረም። ግን ቁጡ ነው። አንድ ሥራ እጁ ላይ እምቢ ካለው እህል አይበላ፣ እንቅልፍ አይተኛ።

በርሜሉ ለምን ነበር? ለምድጃ። ጎጆዋ ውስጥ አንድ አሮጌ የብረት ምድጃ ነበረ። ሆዱ በዝገት ተበልቷል። በሩ በአንድ ማጠፊያ ተንጠልጥሏል። ሲያነዱት ጭሱ በሙሉ ወደ ቤት ነው። የዚያ ተራራ ብርድ ደግሞ የዋዛ አይደለም፤ ጠዋት ሲነሱ በእንስራ ያደረ ውኃ በረዶ ሆኖ ይገኛል። ስለዚህ ስንሻው ከመውጣቱ በፊት በርሜሉን ለመንደሩ ቀጥቃጭ ሰጠው። ቀጥቃጩ ቆራርጦ ምድጃ አደረገለት፤ በር አወጣለት፣ አራት እግር ሠራለት፣ ከቆርቆሮ የጭስ ማውጫ ጠቀለለለት።

ለራሱ ብቻ ቢሆን ብርዱን ይችለው ነበር። ግን ሚስቱ ውዴ ወልዳለች። ታች መንደር፣ እናቷ ቤት ነው የወለደችው። ወንድ ልጅ። የራሳቸው ቤት የላቸውም፤ ያቺ ጎጆ ናት ቤታቸው። ክርስትናው ካለፈ በኋላ፣ በመጪው ሐሙስ፣ ልጇን አዝላ ልትወጣ ተቀጣጥረዋል።

“ዳገቱ ሥር፣ ወንዙ ድረስ ወርደህ ተቀበለኝ” አለችው። “ያንን መንገድ ብቻዬን አልወጣም፤ ነገርኩህ።”

“ሐሙስ ረፋዱ ላይ ወንዙ ዳር ቆሜ ታገኚኛለሽ” አላት። “ቤቱንም አሙቄ ነው የምጠብቅሽ።”

ቃል ገባ። ሰማችሁ አይደል? ቃል ገባ።

እሺ። ጎጆው ደረሰ። አሮጌውን ምድጃ እያንገዳገደ አውጥቶ ገደል ወረወረው። አዲሱን ተከለ። የጭስ ማውጫውን በጣራው አሳለፈ። ክፍተቱን ሁሉ በጭቃና በአመድ መረገ። እንጨት ከመረ፣ ለኮሰ።

ነደደ? እንዴታ! ጭስ የሚባል ነገር ቤት ውስጥ የለም። እሳቱ ይንቦገቦጋል፣ የብረቱ ሆድ ቀልቷል። ስንሻው ደስ አለው። በርጩማውን ስቦ ፊት ለፊቱ ተቀመጠ። እጁን ዘረጋ።

ሞቀው? አልሞቀውም።

ቀረብ አለ። አልሞቀውም። ምራቁን ብረቱ ላይ ጢቅ አደረገ፤ ጭስስ ብሎ ደረቀ። ብረቱ ግሏል ማለት ነው። ሙቀቱስ የት ሄደ? ግድግዳው ውርጭ እንደያዘ ነው። ጥርሱ ይንገጫገጫል። ሌሊቱን ሙሉ እንጨት እየጨመረ፣ እየተንቀጠቀጠ አደረ።

ጠዋት ምን አደረገ? ምድጃውን ፈታው። “የጭስ ማውጫው ሰፊ ነው፤ ሙቀቱን ይዞት ይወጣል” አለ። አጠበበው። ገጠመ፣ መረገ፣ ለኮሰ። ነደደ? ነደደ። ሞቀ? አልሞቀም።

በማግሥቱ እንደገና ፈታው። “ቦታው ነው እንጂ” አለ። ከግድግዳው አንስቶ ቤቱ መሃል ተከለው። አዲስ የጣራ ቀዳዳ ከፈተ፤ አሮጌውን ደፈነ። ከጣራ ሲወርድ ተንሸራቶ ክንዱን ተላጠ። ለኮሰ። ነደደ? ነደደ። ሞቀ? ኧረ አልሞቀም!

በዚህን ጊዜ ያበደ መሰለ። ቀጥቃጩን ረገመ። በርሜሉን ረገመ። ምድጃውን በእግሩ መታውና አውራ ጣቱን ሊሰብር ነበር። እያነከሰ ዞረው። በቀኝ ቢቆም ብርድ። በግራ ቢቆም ብርድ። በሄደበት ሁሉ፣ በእሱና በእሳቱ መሃል፣ አንድ ነገር ቆሞ እንደሚከልለው ነው።

ያኔ ነው ወለሉን ያየው። ምድጃው ፊት፣ መሬቱ ላይ፣ ርጥበት አለ። ክብ ነው። በዝናብ የበሰበሰ ሰው ተቀምጦ እንደተነሳበት ያለ ርጥበት። ጣራውን አየ፤ አያፈስም። እንስራውን አየ፤ አልተሰበረም። አመድ ነሰነሰበት። ትንሽ ቆይቶ ሲያየው አመዱም ርሷል።

ማታ ላይ ደግሞ ሳል ሰማ። እህ፣ እህ። እንዲህ ነው፣ ቀስ ያለ። ከውጭ ነው? በሩን ከፈተ፤ ማንም የለም። ዘጋው። እህ፣ እህ። ከውስጥ ነው።

እናንተ ብትሆኑ ምን ታደርጋላችሁ? እኔ እንኳ ብሆን እሮጥ ነበር። ስንሻው ግን አልሮጠም። ለምን? ተናዷላ! ንዴት ያለበት ሰው ፍርሃቱን ይረሳል። ሲነጋ ምድጃውን ለሦስተኛ ጊዜ ፈታው። በሩን ጠረበ፣ እግሩን አሳጠረ፣ ውስጡን በድንጋይ ደረደረ። ቀን መጣ፣ ቀን ሄደ። ስንት ቀን እንዳለፈ አልቆጠረም። ሐሙስ መቼ እንደሆነ ጠፋበት።

ሦስተኛውን ሥራ በጨረሰበት ሌሊት ደክሞት ተኛ። ብርዱ ቀሰቀሰው። ዓይኑን ገለጠ።

ምድጃው ፊት ሰው ተቀምጧል።

ጀርባውን ነው የሰጠው። ጋቢው በስብሷል፤ ጠብ፣ ጠብ ይላል። ሁለት እጁን ወደ እሳቱ ዘርግቷል። ጣቶቹ ነጭ ናቸው።

“ማነህ አንተ?” አለ ስንሻው።

ሰውየው እጁን ወደ እሳቱ አስጠጋ።

“ማነህ እልሃለሁ! ሥራዬን የምታበላሸው አንተ ነህ?”

“አሠሪዎቼን ሦስት ዓመት ለመንኳቸው” አለ ሰውየው። ፊቱን አላዞረም። “ምድጃው ተበስቷል፣ ቀይሩልኝ አልኩ። እሺ አሉኝ። ክረምቱ አለፈ። እሺ አሉኝ። ሌላም ክረምት አለፈ። አሁን አዲስ ምድጃ መጣ። እኔን ግን አልሞቀኝም።”

ከዚያ ዞረ። ቀስ ብሎ ዞረ። ቅንድቡ ላይ ውርጭ አለ። ጢሙ ላይ ውርጭ አለ። የዓይኑ ብሌን ሳይቀር እንደ በረዶ ነጥቷል።

“ሌላ የሚሞቅ ነገር የለህም?” አለ።

ስንሻው ምን ቢል ጥሩ ነበር? “በስመ አብ” ቢል ጥሩ ነበር። ዝም ቢል ጥሩ ነበር። እሱ ግን ያ ሁሉ ቀን ያጠራቀመው ንዴት ገነፈለበት። የማገዶ ፍልጥ አነሳና ወረወረበት።

“ውረድና ራስህ ፈልግ!” ብሎ ጮኸ። “እኔን ልቀቀኝ! ታች ውረድና ራስህ ፈልግ!”

ፍልጡ ግድግዳውን መታ። ሰው የለም። ወለሉ ርሷል። ወዲያው ቤቱ ሞቀ። እውነቴን ነው፤ በአንድ ጊዜ ሞቀ! ላቡ መጣ። ስንሻው ሳቀ። “አሸነፍኩ” አለ። ለስንት ቀን ያጣውን እንቅልፍ ተኛ፤ ፀሐይ ወጥታ፣ ቀትር አልፎ፣ እንደ ሬሳ ተኛ።

የቀሰቀሰው የበር ድምፅ ነው። አባ ሽበሺ የሚባሉ ሽማግሌ ናቸው፣ በጫካው ማር የሚቆርጡ። እጃቸውን ለማሞቅ ገቡ። ርጥበቱን ሲያዩ ግን ሳይቀመጡ ቆሙ።

“ዘርጋው አሁንም ይመጣል?” አሉ።

“ዘርጋው ማነው?”

“ካንተ በፊት የነበረው ጠባቂ ነዋ! አልነገሩህም? አምና ልክ በዚህ ወር ነው የሞተው። በዝናብ በስብሶ ገባ፤ ምድጃው አልነድ አለው። እዚህችው ቦታ ላይ እጁን እንደዘረጋ ደርቆ ያገኘሁት እኔ ነኝ። ልጄ፣ እንዳታናግረው።”

ስንሻው ከመኝታው ዘሎ ተነሳ። “አባ፣ ዛሬ ቀኑ ምንድን ነው?”

“ሐሙስ ነው እንጂ። ዘጠኝ ሰዓትም አልፏል።”

ጫማውን አላደረገም። ያንን ቀጭን መንገድ ቁልቁል ሮጠ። ጉሙ ወርዷል። “ውዴ!” ይላል። ገደሉ “ውዴ” ይለዋል። “ውዴ!” ይላል። በመጨረሻ፣ ጉሙ ውስጥ፣ አንዲት ሴት ብቅ አለች። ውዴ ናት። ረፋዱን ሙሉ ወንዙ ዳር ቆማ ብትጠብቀው ስለቀረ ነው ብቻዋን የወጣችው። ቅር ብሏታል፤ ፊቷ ያስታውቃል።

ጀርባዋን አየ። አንቀልባው ባዶ ነው።

“ልጁስ?” አላት።

“ምን ልጁስ ትለኛለህ? ለላክኸው ሰውዬ ሰጠሁታ!”

“ማንን ነው የላክሁት?”

“ወንዙ ዳር ያገኘኝ ሰው ነዋ! ‘ባልሽ ነው ውረድ ያለኝ’ አለኝ። ደክሞኛል፣ መንገዱ ዳገት ነው። ‘ልጁን ልያዝልሽ፣ እኔንም ትንሽ ይሞቀኛል’ አለኝ። አሳዘነኝ፤ ብርድ ሊገድለው ነው። አሁን እኮ ከፊቴ ነበር፤ ጉሙ ውስጥ ጠፋብኝ። አላለፈህም?”

ማንም አላለፈውም። በዚያ መንገድ ደግሞ ሁለት ሰው መተላለፍ አይችልም።

ሁለቱም ወደ ላይ ሮጡ። ጎጆው ሲደርሱ መሽቷል። አባ ሽበሺ ሄደዋል። በሩ ወለል ብሎ ተከፍቷል። እሳቱ ጠፍቷል። ምድጃው ፊት ሰውየው ተቀምጧል፤ ጀርባውን ሰጥቶ፣ ልጁን ደረቱ ላይ አቅፎ። የልጁን ሁለት እጆች በሁለት እጁ ጨብጧቸዋል። ልጁ አያለቅስም።

ስንሻው ደጃፉ ላይ ደርቆ ቀረ። ያ ሁሉ ቁጣ የት ገባ? እንጃ። የገባችው ውዴ ናት።

“ልጄን ይስጡኝ” አለች።

“ትንሽ ቆዪ” አለ። “ገና አሁን ሞቀኝ።”

“ስጠኝ!” አለች። እጇን ልካ፣ ከዚያ በረዶ ደረት ላይ፣ ልጇን መንጭቃ ወሰደች። ከጡቷ ሥር ሸጎጠችው። ሰውየው አልተከተላትም። ባዶ እጁን አየ። ቀና ብሎ ስንሻውን አየ። ውለታ እንደተዋለለት ሰው አንገቱን ዝቅ አድርጎ እጅ ነሳው። ከዚያ የለም። ውኃ ብቻ ወለሉ ላይ ቀረ።

በዚያው ሌሊት ወረዱ። ልጁን በሁለቱ መሃል እያደረጉ፣ እየተነፈሱበት፣ እየተደናበሩ ወረዱ። ልጁ ያለቀሰው ሊነጋ ሲል ነው። አባትና እናቱም አብረው አለቀሱ። ስንሻው ተራራውን ተወው። ምድጃውም እዚያው ቀረ። ከዚያ በኋላ አንድም ቀን በሰው ላይ ሲቆጣ ያየው የለም፤ ሊቆጣ ሲል አፉን በእጁ ይይዛል።

ልጁስ? ተረፈ። ሰውነቱ ሞቀ፣ ጠባ፣ ዳኸ፣ አደገ። እጆቹ ብቻ አልሞቁም። ጸበል ወሰዱት፤ አልሞቁም። ሐኪም አየው፤ “ደሙ ይዘዋወራል፣ ምንም የለበትም” አለ። አገባ፣ ወለደ፣ ሸመገለ። ልጆቹን ሲስም እጁን ወደ ኋላ ያደርጋል፤ እንዳያስደነግጣቸው።

እንግዲህ ዛሬ ስትሄዱ ተጠራርታችሁ ሂዱ። ማንም ብቻውን አይሂድ። መንገድ ላይ “ልያዝልሽ” የሚል ሰው ቢገጥማችሁ መጀመሪያ ጋቢውን እዩ፤ ሳይዘንብ በስብሶ እንደሆነ አትቁሙ።

ምን ትስቃለህ አንተ፣ እዚያ ጥግ ያለኸው? “ይህን ሁሉ ማን ነገረዎት” ነው የምትለው? ስንሻው ነው የነገረኝ። ስንሻው አባቴ ነው።

አታምንም? ኩራዙን ወዲህ አምጡት። ና፣ ቀረብ በል። እጅህን ስጠኝ። ስጠኝ እንጂ!

ይኸው። ምን አስጮኸህ?