የሸጋ ዋስ

ሬሳው የተገኘው ከቡና ማድረቂያው አልጋ ሥር ነበር።

ዘበኛው ዘነበ በጎኑ ወድቋል። ጋቢው በደምና በጤዛ ርሷል። አንገቱና ክንዱ የተቦጫጨቀ ይመስላል። ከእሱ እልፍ ብሎ፣ እንሰቱ ጥግ፣ አዲስ አፈር ተከምሯል። የኢዲዶ መንደር ሰው ከአፈሩ ራቅ ብሎ ቆሞ አንድ ነገር ብቻ ይደጋግማል።

«የፈረንጅ ውሻዋ ናት። አብዳ በላችው።»

ወሬው በመጀመሪያው አውቶቡስ ዲላ ገባ። ግዛቸው ግን የሰማው ከሰው ሁሉ በኋላ ነው። ብቻውን ለሚኖር ሰው ክፉ ወሬ የሚደርሰው ዞሮ ዞሮ፣ ደጁ ላይ ጠመንጃ ይዞ ነው።

«ግዛቸው ማለት አንተ ነህ?»

ጠያቂው አስር አለቃ ይርጉ ነበር። የገዛ ጥላውን እንኳ «ከየት መጣህ?» የሚል ፖሊስ ነው ይሉታል።

«ነኝ።»

«ኢዲዶ፣ ሐጂ ዘይኑዲን ቡና ማጠቢያ ያለችው ውሻ የማን ናት?»

«የኔ ልጅ ናት። ሸጋ ትባላለች። ምን ሆነች?»

«ሰው ገደለች። የሠራተኞቹ አለቃ፣ ካቦው፣ በጥይት ጣላት።»

ግዛቸው የያዘውን የሾርባ ድስት መሬት አስቀመጠ። ከኋላው፣ ከግቢው ውስጥ፣ የሸጋ እናት ሎላ ቡችሎቿን እየላሰች ቀና አለች።

«ያበደ ዘር ነው ተብሏል» አለ አስር አለቃው። «ግቢህ ውስጥ ያሉት በሙሉ ዛሬ ፀሐይ ሳትጠልቅ ይረሸናሉ። ትእዛዝ ነው።»

ግዛቸው በወጣትነቱ የአንድ ግሪክ ቡና ነጋዴ ዘበኛ ነበር። ግሪኩ አገሩ ሲገባ ሁለት የጀርመን ውሾች ተወለትና «ያስወለድከውን ሁሉ እስኪሞት ድረስ ባለቤቱ አንተ ነህ» ብሎት ሄደ። ሌላ ሰው ቢሆን አውቶቡሱ ሲነሳ ይረሳው ነበር። ግዛቸው አልረሳም። ሚስት ሳያገባ፣ ልጅ ሳይወልድ፣ ፀጉሩ በዚያ ቃል ላይ ሸበተ።

«ውሻ አይሸጥም፤ ይዳራል» ይላል። ቡችላ የሚፈልግ ሰው እንደ አማች ሽማግሌ ልኮ ይጠይቃል። ግዛቸው ሄዶ ግቢውን ያያል፤ ማን እንደሚያበላት፣ የት እንደምትተኛ፣ ብትታመም ማን እንደሚያስታምም ይመረምራል። ከዚያ ዋስ ያስጠራል። ዋሱ ውሻዋ ራስ ላይ እጁን አድርጎ «ካቃተኝ ላንተ እመልሳለሁ፤ ሳልነግርህ ለማንም አላሳልፋትም» ይላል። በየዓመቱ መስቀል ሲያልፍ ደግሞ፣ ልክ እንደ አዲስ ሙሽሮች፣ ውሾቹ ለመልስ ግዛቸው ቤት ይመጣሉ። የዲላ ሰው ይስቃል። «የውሻ አማች» ይለዋል።

ሸጋን ሐጂ ዘይኑዲን ሲወስዱ ዋስ የሆነው ዘበኛው ዘነበ ነበር። ሐጂ «እኔ ከሩቅ ነው የማያት፤ የሶላት ውዱኤን ታበላሽብኛለች» ብለው ነበር። ዘነበ ግን እጁን ራሷ ላይ ጭኖ ሲምል ድምፁ እንደ ሙሽራ ሚዜ ኮርቶ ነበር።

አሁን ያ ሰው ሞቷል።

«መሞቷን ሳላይ አላምንም» አለ ግዛቸው። «የዳርኳት እኔ ነኝ፤ የምቀብራትም እኔ ነኝ።»

«ለምን? የምትደብቀው አለ?»

«አብረን እንሂድና ይዩኛ።»

አስር አለቃው ፊቱን አየው። ሰውዬው ወይ እብድ ነው፣ ወይ አንድ ነገር ያውቃል። ሁለቱም ከዓይን መራቅ የለባቸውም።

«ግባ መኪናው ውስጥ። ያቺን ምን ልታደርግ ነው የምትስባት?»

«ሎላን? ትቻት ብሄድ ይተኩሱባታል።»

«መንገድ ላይ ብታብድስ?»

«ካበደች መጀመሪያ የምትነክሰው እኔን ነው። እርስዎ ለማምለጥ ጊዜ ያገኛሉ።»

አንድ ፖሊስ ጠመንጃውን ጭኑ ላይ አጋድሞ ከቡችሎቹ ፊት ቀረ። ላንድሮቨሩ ወደ ደቡብ ነጎደ። ጭጋጉ በቡናው መሃል እንደ ደከመው መንገደኛ ተቀምጦ ነበር። ግዛቸው የሎላን ጆሮ እያሻሸ ያስባል። ያሳደግሁት ጥርስ ሰው ከገደለ፣ ገዳዩ ማን ነው? እሷ ወይስ እኔ?

ኢዲዶ ሲደርሱ ከለቅሶው ድንኳን መዝሙር ይሰማል። የሟች ሚስት ጸሐይ ከሴቶቹ መሃል ተነስታ መጣች። አላለቀሰችም።

«የውሻ አባት አንተ ነህ?»

«ነኝ፣ እህቴ።»

«ባሌ የቆጮውን ለስላሳ ለእሷ ነበር የሚቆርሰው። እኔ እቀና ነበር። ይኸው በላችው።»

ግዛቸው አንገቱን ደፋ።

ካቦው ደመላሽ ወዲያው መጣ። ጭጋጉ ተገፎ ፀሐይዋ ብትከርም ወፍራም ካፖርት ለብሷል፤ ግንባሩ በላብ ወዝቷል። ለአስር አለቃው ጎንበስ ብሎ እጅ ነሳ። ለግዛቸው ግን ግራ እጁን ዘረጋለት።

ግዛቸው ጨበጠው። ለውሻ አርቢ ግራ እጅ ይበቃዋል ማለቱ ነው፣ አለ በልቡ። ስድቡን ዋጠ። የለመደው ነው።

«ምን አየህ?» አለ አስር አለቃው።

«ጩኸት ሰማሁ። ስወጣ ዘነበ ላይ ወጥታበታለች። አፏ አረፋ ደፍቋል። ተኮስኩ።»

«መቼ?»

«አመሻሽ ላይ። ሠራተኛው ሁሉ ገብቷል።»

«ማን አብሮህ ነበር?»

«እግዜር።»

«እሱን ለመጥራት መጥሪያ የለኝም። ሌላ?»

«ማንም።»

«ቀባሪዋስ?»

«እኔው። በሽታው እንዳይዛመት ብዬ ወዲያው ቀበርኳት።»

«ሰውዬውን ሜዳ ላይ ትተህ ውሻዋን ቀበርክ?»

«ፖሊስ ሳያይ ሬሳ አይነሳም ሲሉ ሰምቼ ነው፣ ጌታዬ።»

መልሱ እንከን አልነበረውም። አስር አለቃው እንከን የሌለው መልስ አይወድም። ለጊዜው ግን ዓይኑን ወደ ሐጂ ዘይኑዲን መለሰ። ሐጂ ከማጠቢያው ገንዳ አጠገብ መቁጠሪያቸውን ይዘው ቆመዋል።

«ሐጂ፣ ውሻዋን አይወዷትም ነበር ይባላል።»

«አልነካኋትም እንጂ አልጠላኋትም።»

«ሰው በውሻ ያማዎት ነበር?»

«ያማኝ ነበር። ግን ሌባ ሲመጣ ሐሜተኛው አይጮህልኝም።»

«ትናንት አመሻሹን የት ነበሩ?»

«ይርጋጨፌ። ልጄ ረህማ ታማ ሐኪም ዘንድ።»

«የቀበራትን ውሻ አዩዋት?»

«ዛሬ ጧት ስመለስ፣ የማታው አፈር በወጉ ሳይሸፍናት፣ ከሩቅ አየሁ። ጥቁር ጀርባ፣ የቆዳ ማሰሪያ። እሷ ናት።»

«ከሩቅ» አለ አስር አለቃው፤ ቃሏን አልወደዳትም። «ቆፍሩ።»

ሁለት ሠራተኞች ዶማ አነሱ። ደመላሽ «በሽታ አለባት፤ ተዉ!» እያለ ወደ ኋላ ሸሸ። አፈሩ ተገለጠ። ጥቁር ጀርባ። ቡናማ እግር። አንገቷ ላይ ግዛቸው በእጁ የሰፋው የቆዳ ማሰሪያ።

«ይኸው» አለ አስር አለቃው፤ ድምፁ ትንሽ ለስለስ ብሎ። «ቅበራት እንግዲህ።»

ግዛቸው ተንበረከከ። እጁ ራሱ ያውቃል፤ ከጀርባዋ ወደ ጭኗ፣ ከጭኗ ወደ ኋላ እግሯ ወረደ። ቁርጭምጭሚቷ ላይ ሲደርስ ቆመ። ሌላኛውን እግር ያዘ። እንደገና ቆመ።

ቀስ ብሎ ተነሳ።

«ይቺ የኔ ልጅ አይደለችም።»

«ምን?»

«ይዳስሱ። ከመዳፏ በላይ፣ በውስጥ በኩል። ትርፍ ጥፍር አላት።»

«ታዲያስ?»

«ብዙ ያገር ውሻ የኋላ እግሩ ላይ ትርፍ ጥፍር ይዞ ይወለዳል። የኔዎቹም አንዳንዴ ይዘው ይመጣሉ። ዓይናቸው ሳይገለጥ ነው የማነሳላቸው። ሲያድጉ እንደዚህ የቡና አልጋ ያለ ሽቦ ይይዘዋል፤ ይገነጥልባቸዋል። ሎላ፣ ነይ።»

የሎላን እግር አነሳ። በትርፍ ጥፍሩ ቦታ የክር ቋጠሮ የምታህል ጠባሳ ብቻ ነበረች።

«ምናልባት ሸጋ ተረስታብህ ይሆናል» አለ አስር አለቃው። እንዲህ ቢልም እጁ የሎላን ጠባሳ እየዳሰሰ ነበር።

«በየመልሱ እግሯን እፈትሻለሁ። አምና የያዘልኝ ዘነበ ራሱ ነው።»

ከቆፋሪዎቹ አንዱ ዶማውን ተደግፎ ወደ ጉድጓዱ ጎንበስ ብሎ አየና ጮኸ። «ጌታዬ! ይቺን እኮ እኛ እናውቃታለን! ቡና መፈልፈያው ጋ አጥንት የምትለቅም ውሻ ናት! ትላንት ጧት እኔ ራሴ በድንጋይ አባረርኳት!»

ሰዉ አጉረመረመ። አስር አለቃው እዚያው አልጋ ሥር ወዳለው ሬሳ ሄዶ ጋቢውን ገለጠ። ጎንበስ ብሎ ብዙ ቆየ። ሲመለስ ፊቱ ሌላ ነበር።

«ጥርስ ይቦጫጭቃል። ይሄ የተቆረጠ ነው፣ በጩቤ። ከጆሮው ኋላ ደግሞ አጥንቱ ገብቷል። መጀመሪያ ተመትቶ ነው የሞተው። ውሻ ዱላ አትይዝም።» ከዚያ ወደ ግዛቸው ዞረ። «ጋሽ ግዛቸው፣ ሸጋ የት ናት?»

«ጋሽ» መባሉን ግዛቸው ልብ አላለም። ሐጂ ግን ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

«አንድ የገደብ ግራዝማች እሷን ፈልጎ ሁለት ጊዜ ሰው ልኮብኝ ነበር። ሊያስወልዳትና ቡችሎቿን ለየሹሙ ሊያድል። እኔ ‹ዋሷ ዘነበ ነው፤ እሱን ጠይቁ› አልኩ። ዘነበም ‹ዲላ ሳልነግር አይሆንም› አለ።»

«መልእክቱን ይዞ የመጣው ማን ነበር?»

የሐጂ ዓይን ወደ ደመላሽ ካፖርት ሄደ።

ያን ጊዜ ግዛቸው ስድብ መስሎት የዋጠው ነገር ትዝ አለው። ግራ እጅ። በዚህ ሙቀት ካፖርት። የሸጋ እናትና አያት የተማሩት አንድ ነገር ነው፤ ዋሳቸው ሲመታ ዱላ የያዘውን እጅ መያዝ። አይቦጫጭቁም፤ ይዘው ይቆያሉ።

ወደ ደመላሽ ተጠጋ።

«ካቦ፣ ቀኝ እጅህን ስጠኝ። ገና በወጉ አልተጨባበጥንም።»

«ሂድ ወደዚያ፣ የውሻ አማች!»

ሎላ ካፖርቱን አሸተተችና ጠጉሯ ቆመ።

«አውልቅ» አለ አስር አለቃው።

«ብርድ መትቶኛል...»

«አውልቅ አልኩህ!»

ካፖርቱ ወደቀ። ቀኝ ክንዱ በጨርቅ ተጠቅልሏል። ጨርቁ ሲፈታ ሁለት ረድፍ ጥልቅ ቀዳዳ ታየ፤ ከላይና ከታች። ያልተቀደደ፣ ያልተጎተተ። ተይዞ የቆየ እጅ።

ጸሐይ ከሴቶቹ መሃል ወጣች። «ምን አደረገህ?» አለችው። «ባሌ ምን አደረገህ?»

ደመላሽ መሬት መሬት አየ።

«ግራዝማች የግቢው ሹም ሊያደርገኝ ነበር። ዕድሜዬን በሙሉ ካቦ ሆኜ ልቀር? ውሻዋን ብቻ ነው የፈለግሁት። እየሳብኳት ስወጣ መጣ። ገመዱን ያዘ። ‹ልቀቅ› አልኩት። ‹ዋስ ነኝ› አለኝ። ለውሻ! ሰው ለሰው ዋስ መሆን ባቃተበት አገር፣ ለውሻ ዋስ ነኝ አለኝ። መታሁት። አንዴ ነው የመታሁት።»

የቀረው ግልጽ ነበር። ሸጋ እጁን ስትይዝ አብሮት የመጣው የግራዝማቹ ሹፌር ጆንያ ጣለባትና ማሰሪያዋን ፈትቶ ወሰዳት። የጠፋች ውሻና የሞተ ሰው ሁለት ጥያቄ ናቸው፤ ደመላሽ አንድ መልስ አበጀላቸው። የዘነበን አንገትና ክንድ ውሻ የነከሰው እንዲመስል በጩቤ ተለተለ፤ ማሰሪያዋን መፈልፈያው ጋ ለምትውለው ውሻ አጥልቆ ተኮሰ። ጌታው ሐጂ ውሻ እንደማይጠጉ ያውቃል። የሞተችን ውሻ እግር ጎንበስ ብሎ የሚዳስስ ሰው ይመጣል ብሎ ግን አላሰበም።

ፀሐይዋ ማዘንበል ጀምራ ነበር።

«ቡችሎቹ!» አለ ግዛቸው።

አስር አለቃው ይርጋጨፌ ወርዶ በስልክ ዲላ ላይ ጮኸ። «አትተኩሱ! ሰማሁ አልሰማሁም የሚባል ነገር የለም! አትተኩሱ!»

ከዚያ ገደብ ሲደርሱ ግራዝማቹ «የተሰረቀች መሆኗን አላወቅሁም» አለ። ግዛቸው አልተከራከረም። በሩ ላይ ቆሞ አንድ ጊዜ አፏጨ። ከጓሮው ሰንሰለት ተጎተተ፣ እንጨት ተሰበረ፤ ሸጋ ግማሽ አጥሩን ይዛ መጣች።

መስቀል አለፈ። ውሾቹ ለመልስ መጡ፤ ግቢው ሞላ። ግዛቸው ግን በዚያ ዓመት ማንንም አልዳረም። የሎላ ቡችሎች ጆሯቸው ቀጥ ብሎ፣ እግራቸው ረዝሞ፣ እዚያው ቀሩ። ሐጂ ሸጋን መልስልኝ ብለው ላኩ፤ «ዋስ የላትም» አለ። ለሚጠይቀው ሁሉ መልሱ ያው ነበር። የሚያስምለው ቃል ሰው እንደሚያስገድል አይቷል።

አንድ ጧት ጸሐይ በሩ ላይ ቆመች። ሸጋ ከሁሉ ቀድማ ሮጣ አገጯን ጉልበቷ ላይ ጣለች።

«ሐጂ ቡና ለቀማ አስገብተውኛል» አለች ጸሐይ። «ማደሪያዬም እዚያው ነው። እሷን ልወስድ መጣሁ።»

«አልሰጥም፣ እህቴ። ባልሽ በኔ ቃል ሞተ።»

«በራሱ ቃል ነው የሞተው። አንተ መስጠት ከተውክ ግን በከንቱ ሞተ።» እጇን ሸጋ ራስ ላይ ጫነች። «ዋሷ እኔ ነኝ። ጠይቀኝ።»

ግዛቸው እንደ ድሮው ጠየቃት። የት ትተኛለች? ማን ያበላታል? ብትታመም?

«ቢያቅትሽስ?»

«ላንተ እመልሳለሁ። ግን እኔም አንድ ልጠይቅህ።»

«ጠይቂ።»

«አንተ ብትሞትስ? ይሄ ሁሉ ውሻ ለማን ይመለሳል? የአንተ ዋስ ማን ነው?»

ሰው ሁሉ በዋስ ሲወስድ ግዛቸው ራሱ ዋስ አልነበረውም። ግቢውን ዞሮ አየ፤ የሚያየው ጆሮና ጅራት ብቻ ነው።

በሩ ላይ የቆመ ሰው ጉሮሮውን ጠረገ። አስር አለቃ ይርጉ ነበር። ከዚያ ቀን ወዲህ «ለምርመራ» እያለ በየሳምንቱ ይመጣል፤ የሚመረምረው ግን ቡችሎቹን ብቻ ነው።

«ምን ታዩኛላችሁ?» አለ ተኮሳትሮ። ጠመንጃውን ግድግዳው ላይ አስደገፈና ወደ ሎላ ሄዶ፣ እንደማያምናት ሁሉ እየፈራ፣ እጁን ራሷ ላይ አደረገ።

«እንዴት ነበር የሚባለው?»