ግማሹ የተወለወለ በር

መጀመሪያ የተገናኙ ዕለት በመርፌ ወጋችው።

እሱ የአውቶቡስ ሹፌር ነው፤ እሷ ልብስ ሰፊ። ሱቋ ገብቶ፣ ኮቱን እንደለበሰ፣ «እህቴ፣ ይቺን የተነቀለች ቁልፍ ቶሎ ትተክይልኛለሽ? ተሳፋሪ ይጠብቀኛል» አላት።

«እንዳይንቀሳቀሱ» እያለች ስትሰፋ ቀና ብላ ዓይኑን አየችው። መርፌዋ ደረቱ ላይ አረፈች።

«ውይ በሞትኩት!»

«ግዴለም... ልብ የለኝም ብዬ ነበር። ለካስ አለኝ!»

ቀልዱ ሳያልቅ ፊቱ ጠቆረ። ሰው የጠራው ይመስል ወደ ኋላው ዞር አለ።

በዓመቱ ተጋቡ። የመጀመሪያ ሚስቱ እንደሞተችበት ነግሯታል። እንዴት እንደሞተች ግን አልነገራትም፤ እሷም ቁስሉን መንካት ፈርታ አልጠየቀችም።

ቤቱ ጽዱ ነው። ኩሽናው ብቻ... ከምድጃው በላይ ያለው ቁምሳጥን በዘይት ጭስ ቢጫ ሆኗል፤ ጣት ሲያርፍበት ይጣበቃል። ከሁሉ የገረማት አንደኛው በር ነው። ግማሹ ቅባት፣ ግማሹ ነጭ። ንጹሁ ቦታ ጨርቅ የያዘ እጅ ክብ ክብ እየሠራ የሄደበት መንገድ ነው፤ መሃል ላይ ሲደርስ ድንገት ይቆማል።

«ይሄን ልጥረገው?»

«አትንኪው!» ብሎ ጮኸ። ወዲያው ደግሞ ድምፁ ሰለለ፤ «ተይው... እባክሽ።»

ክው አለች። አማቷን ብትጠይቅ፣ «ልጄ፣ እሱን ሆድ ይፍጀው» ብለው ፊታቸውን አዞሩ።

ከዚያ ወዲያ ሽንኩርት ስትከትፍ ከኋላዋ ሰው የቆመ ይመስላታል። አንዳንዴም ባሏ ያንን የእጅ መንገድ ትኩር ብሎ ሲያይ ትደርስበታለች።

«ምን እያየህ ነው?»

«ምንም።»

በሕይወት ያለችን ጣውንት ሰው ይጣላታል፣ ይታረቃታል። የሞተችዋን ምን ያደርጓታል? ቅናት ውስጥ ውስጡን በላት።

አንድ ቀን እሱ ሥራ እንደሄደ በሩን ልትጠርገው ቆረጠች። አቧራ እንዳይገባ መስኮቱን ዘጋች። በረኪና ባልዲ ውስጥ ገለበጠች። ቅባቱን ቶሎ ያስለቅቃል ብላ ኮምጣጤውን ልትጨምር ጠርሙሱን ዘንበል ስታደርግ፣ ከኋላ እጇ ተያዘ። ለምሳ የመጣው ባሏ ነው። ፊቱ አመድ መስሏል። ጠርሙሱን ነጥቆ፣ እሷን እየጎተተ በረንዳ አወጣት።

«ልቀቀኝ! ከእሷ ጋር ኑር! የእጇን ምልክት እንደ ፎቶ አስቀምጠህ... እኔ ምንህ ነኝ?»

«አስቀምጬው አይደለም።» ደረጃው ላይ ቁጭ አለ። «መንካት አቅቶኝ ነው።»

ጣቱን ወደ ኩሽናው ቀሰረ።

«እሷም ይሄንኑ ነው ያደረገችው። በረኪናና ኮምጣጤ ቀላቀለች፣ መስኮቱም ዝግ ነበር። ሁለቱ ሲገናኙ የሚወጣው ጋዝ ሳንባ ያቃጥላል። እሷ ደግሞ አስም ነበረባት... እዚያ በር ላይ ስትደርስ ትንፋሽ አጠራት። ጨርቅ ባነሳሁ ቁጥር ስታስል ይሰማኛል።»

«ታዲያ ለምን አልነገርከኝም?»

«ፈርተሽ ትሄጃለሽ ብዬ...»

«አንተ ሞኝ! እኔን ያስፈራኝ ዝምታህ እንጂ ቤቱ አይደለም!» ብላ ጭንቅላቱን ወደ ደረቷ አስጠጋች። ሁለቱም አለቀሱ።

ተያይዘው ገቡ። መስኮቱን ወለል አድርገው ከፈቱ። በረኪናውን ለብቻው በብዙ ውሃ አስወገዱት፤ ኮምጣጤውን ከድነው አራቁት። እጃቸውን ጓንት ውስጥ ከተው፣ ለብ ባለ ውሃ ትንሽ የዕቃ ማጠቢያ ሳሙና በጠበጡ። ቅባቱን በጨርቅ እያረጠቡ፣ እስኪለሰልስ ጠብቀው፣ ቀስ እያሉ ጠረጉት። ያ በር ብቻ ሲቀር ግን ባሏ ቆመ።

«አልችልም።»

እጇን እጁ ላይ ደረበች። «እኔም አለሁ።»

ቅባቱ እየለሰለሰ ወረደ። የዚያች ሴት የእጅ መንገድም ከእነሱ መንገድ ጋር ተቀላቅሎ ጠፋ። በንጹሕ ውሃ አለቀለቁት፤ አደረቁት። ባሏ ነጩን በር እያየ በረጅሙ ተነፈሰ።

«ምን ዓይነት ሰው ነበረች?» አለችው፤ ለመጀመሪያ ጊዜ።

«ዘፈን ትወድ ነበር» አለ። «ድምጿ ግን... የጎረቤት ውሻ ያስጮህ ነበር!»

እንባው ሳይደርቅ ሳቁ አመለጠው። እሷም ሳቀች።

«ሌላስ?» አለች፤ ወንበር ስባ አጠገቡ እየተቀመጠች።

እሱም ስሟን ጠርቶ ማውራት ጀመረ።