ወይዘሮ ኦዴሳ እጃቸውን ያወረዱበት ቀን

ወይዘሮ ኦዴሳ ሄል «ነጎድጓድ» በሚባለው የእንጨት ሮለር ኮስተር፣ ዳገት ቁልቁለት በሚወረወረው የመዝናኛ ባቡር፣ የፊት ወንበር ላይ እየሳቁ ተቀመጡ። ባቡሩ ዞሮ ወደ መሳፈሪያው ሲመለስ ሞተው ነበር።

በኒው ጀርዚ ባሕር ዳር ወሬ ከማዕበል ይቀድማል። መርማሪ ኮንቼታ ማርኬዚ ቦታው እስክትደርስ ፍርዱ ተሰጥቶ አልቋል፦ ሰባውን ያለፉ ሴት፣ የደከመ ልብ፣ ያ ሁሉ ከፍታ። ታዲያ ምን ይጠበቃል? የመዝናኛ ፓርኩ ባለቤት ሚስተር ፔቲቦን ደረጃው ሥር ጠብቆ ይህንኑ ነገራት። አስከሬኑ ቶሎ እንዲነሳለት ይፈልጋል፤ ከሰዓት በኋላ ትልቅ ዝግጅት አለበት። ከብዙ ዓመታት በፊት ባቡሩ በማዕበል መካከል ጫፍ ላይ ተቀርቅሮ ሳለ በእንጨቱ ላይ ተንጠላጥለው ወጥተው ተሳፋሪዎቹን አንድ በአንድ ያወረዱት የከተማው ጀግና፣ አቶ ቨርነን ዊትከም፣ ስማቸው በነሐስ ተቀርጾ ሊመረቅ ነው።

«ሰው ሁሉ መጥቷል፣ መርማሪ። አሮጊቷን ደግሞ እንዳይሳፈሩ ስንት ሰው መክሯቸው ነበር። እምቢ አሉ።»

ኮንቼታ አልፋው ወጣች። ወይዘሮ ኦዴሳን ታውቃቸዋለች። የከተማውን ልጅ ግማሹን ዋና ያስተማሩት እሳቸው ናቸው፤ እሷንም ጭምር። ያኔ ፈርታ አሸዋው ላይ ስትንቀጠቀጥ፣ «ባሕሩን አትለማመጪው፤ እጅሽን ዘርግተሽ ግቢበት» ብለው በቁጣ አስገብተዋት ነበር። አሁን ከአስከሬናቸው አጠገብ ተንበርክካ ፊታቸውን በቅርብ አየች። ከንፈራቸው አብጧል። አንገታቸው ላይ ቀያይ እብጠት ተሰልፏል። ወገባቸው ላይ የታሰረችው ትንሽ ቦርሳ ዚፕዋ ተከፍቷል፤ ውስጧ ባዶ ነው።

ስልኳ ጮኸ። አለቃዋ ነው። የተፈጥሮ ሞት ብለሽ ፈርሚና ተመለሺ አላት፤ ፔቲቦን ቀድሞ ደውሎለት ኖሯል።

«ልብ ከንፈር አያሳብጥም፣ አለቃ» አለችው። «አልፈርምም። ካሻህ ራስህ ናና ፈርም።» ዘጋችው።

በባቡሩ ላይ የነበሩት አራት ሰዎች ብቻ ናቸው፤ ፓርኩ ለክብር እንግዶቹ ብቻ አዘጋጅቶት ነበርና። ከፊት ወንበር በባሕሩ በኩል ወይዘሮ ኦዴሳ፣ ከጎናቸው በየብሱ በኩል አቶ ቨርነን ተቀምጠዋል። ከኋላቸው በባሕሩ በኩል የቨርነን ልጅ ኦድሪ፣ ከእሷ ጎን የኦዴሳ ልጅ ዮላንዳ ነበሩ። ሁለቱ ቤተሰቦች በየበጋው አንድ ቀን መርጠው ባሕር ዳሩን እየተከተሉ ከፓርክ ፓርክ ይዞራሉ፤ ያገኙትን ሮለር ኮስተር ሁሉ ይሳፈራሉ። ልማዱን የጀመሩት ሟች ናቸው፤ ቁልቁለት ላይም እጃቸውን ዘርግተው እንጂ አውርደው አይታወቁም።

ዮላንዳ አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጣ የገዛ እጇን ትመለከት ነበር።

«እኔ ነኝ የገደልኳት» አለች።

ኮንቼታ አጠገቧ ተቀመጠች። ዮላንዳ ቀስ እያለች ነገሩን ተረከችላት። እናቷን የኦቾሎኒ ፍርፋሪ እንኳ ሰውነታቸውን አሳብጦ ይገድላቸዋል፤ ስለዚህ ያን ጊዜ የሚወጉት፣ ብዕር የሚመስለው የመድኃኒት መርፌ ከወገባቸው ተለይቶ አያውቅም። ጠዋት በጎረቤቱ ከተማ ፓርክ ሲሳፈሩ አርፍደው፣ ዮላንዳ እዚያ በኦቾሎኒ ዘይት የተጠበሰ ድንች ገዝታ ከእናቷ ራቅ ብላ በላች። እዚህ እንደደረሱ ወይዘሮ ኦዴሳ ሊታጠቡ ሲገቡ ቦርሳቸውን ለዮላንዳ አልሰጡም፤ እጇ ዘይት ነክቷልና ለኦድሪ ሰጡ።

«እጄን ታጥቤ ነበር። ግን ኦድሪ፣ ዘይት በቀላሉ አይለቅም አለችኝ። ራስሽን አትውቀሺ፣ ሳታስቢው ነው አለችኝ።»

አንዳንድ ማጽናኛ ከክስ ይከብዳል፤ ኮንቼታ ይህን በልቧ ያዘችው።

«እናትሽ ዛሬ ምረቃው ላይ ምን ሊያደርጉ አስበው ነበር?»

«ልትናገር አስባ ነበር። ምን እንደሆነ አልነገረችኝም። ‹አባትሽ ዝም በይ ብሎ አስምሎኝ ነበር፤ አሁን እሱ አፈር ለብሷል፣ እኔ ግን አፌ አለ› ነው ያለችኝ።»

የዮላንዳ አባት ካልቪን ሄል አምና ነው ያረፉት። ኮንቼታ ሥራቸውን ጠየቀቻት። ዮላንዳም አባቷ ወጣት ሳሉ እዚሁ ፓርክ አናጢ እንደነበሩ ነገረቻት፤ የነጎድጓድን እንጨት እየወጡ የሚጠግኑት እሳቸው ነበሩ። ያን ጊዜ ጥቁር ሠራተኛ እንጨቱ ላይ ይወጣል እንጂ ባቡሩ ላይ አይሳፈርም ነበር።

ነጎድጓድ ከጫፉ ቁልቁል ሊወረወር ሲል ተሳፋሪውን ፎቶ የሚያነሳ ካሜራ አለው። ኮንቼታ የዕለቱን ፎቶ አስወጣች። ፔቲቦን እያንገራገረ ሰጣት፤ ለሟች ክብር ሲባል ባይታይ ይሻላል አለ። ለሟች ክብር ሲባል ደጋግማ አየችው።

ዮላንዳ እጇን ወደ ሰማይ ዘርግታ አፏን ከፍታለች። አቶ ቨርነን ጭናቸውን የያዘውን ብረት ጨብጠው ዓይናቸውን ጨፍነዋል። ወይዘሮ ኦዴሳ አንገታቸውን ደፍተው ሁለት እጃቸውን የወገብ ቦርሳቸው ውስጥ ከትተዋል። የኦድሪም እጆች ተዘርግተዋል፤ ዓይኗ ግን ቁልቁለቱን አያይም። የሚያየው ከፊቷ የተቀመጡትን ሴትዮ ማጅራት ነው።

ኮንቼታ ወደ አቶ ቨርነን ሄደች። ሽማግሌው ለምረቃው የለበሱት ሙሉ ልብስ ሰፍቷቸዋል።

«ፎቶው ላይ ዓይንዎን ጨፍነዋል፣ አቶ ቨርነን።»

«ሁልጊዜ እጨፍናለሁ። ከፍታ ከልጅነቴ ጀምሮ…» አሉና ቃሉ አፋቸው ውስጥ ቀረ።

ኮንቼታ አልተጫነቻቸውም። ይህን የሚያህል ከፍታ በማዕበል ውስጥ በባዶ እጁ የወጣ ጀግና፣ ታስሮ ተቀምጦ እንኳ ቁልቁል ማየት አይችልም። እሳቸውም እንደገባት ገባቸው። ሁለቱም ባሕሩን አዩ።

ኦድሪ ግን ቃል አልቸገራትም። ለከንቲባነት እየተወዳደረች ነው፤ ደረቷ ላይ «የጀግና ልጅ» የሚል ክብ ምልክት ለጥፋለች። ቦርሳውን መያዟን አልካደችም፤ ግን አልከፈትኩትም አለች። እትዬ ኦዴሳ አርጅተዋል፣ መርፌውን ቤት ረስተውት ይሆናል አለች። ስለ ዮላንዳ እጅም፣ ሳትጠየቅ፣ በሐዘኔታ አነሳች።

ቀጥሎ ኮንቼታ ጫማዋን አውልቃ ከሐዲዱ ሥር ወዳለው አሸዋ ወረደች። ከትልቁ ቁልቁለት በታች የወደቀ ዕቃ ሞልቷል፤ ኮፍያ፣ መነጽር፣ የልጅ ነጠላ ጫማ። ባቡሩ ቀስ እያለ በሰንሰለት በሚጎተትበት ዳገት ሥር ግን አሸዋው ባዶ ነው። እዚያ ከኪስ የሚወድቅ ነገር የለም። ከዳገቱ ሥር፣ በባሕሩ በኩል፣ አንዲት የመድኃኒት መርፌ ብቻዋን ተጋድማለች።

ተመልሳ የሟችን የሸሚዝ ኪስ ፈተሸች። ወይዘሮ ኦዴሳ ቆሻሻ መሬት ላይ ጥለው አያውቁም፤ የከረሜላ መጠቅለያ አገኘች። የአስከሬን መርማሪው ሐኪም መጠቅለያውን አሽትቶ ቅንድቡን አነሳ። የናና ሽታ ነው የሚቀድመው። ከሥሩ ግን ሌላ ሽታ አለ።

ምረቃው ሊጀመር ሲል፣ ሕዝቡ ከታች ወንበሩን እየያዘ ሳለ፣ ኮንቼታ ሁሉንም ወደ መሳፈሪያው ጠራቻቸው። ፔቲቦን ሰዓቱን እያየ ተነጫነጨ። ባዶው ባቡር ከፊታቸው ቆሟል።

«ወይዘሮ ኦዴሳን የገደላቸው ልባቸው አይደለም» አለች። «እልኸኝነታቸውም አይደለም። ከተማው እንዲያ ብሎ ሊቀብራቸው ነበር፤ እኔ እያለሁ አይሆንም። ኦቾሎኒ ነው የገደላቸው።»

ዮላንዳ ፊቷን ሸፈነች።

«ቀና በይ፣ ዮላንዳ። ያንቺ እጅ አይደለም።» ኮንቼታ መጠቅለያውን ሁለቱ ቤተሰቦች ለዕለቱ ከያዙት የከረሜላ ከረጢት ከተወሰዱ ሌሎች መጠቅለያዎች ጋር አግዳሚው ላይ ዘረጋችው። «የከረሜላው ከረጢት ላይ ኦቾሎኒ የለውም ተብሎ ተጽፏል፤ እውነት ነው፣ የለውም። እነዚህን እዩአቸው። ፋብሪካው ሲጠቀልላቸው የታጠፉበት መስመር አንድ ነው። ይኸኛው ግን ሁለት ጊዜ ታጥፏል፤ ሁለተኛው መስመር ከመጀመሪያው ጋር አይገጥምም። አንድ ሰው ከረሜላውን ፈትቶ፣ ኦቾሎኒ ለውሶበት፣ መልሶ ጠቅልሎታል። የናናው ኃይለኛ ጣዕም ሸፍኖታል። ይህ በስህተት አይሆንም።»

«መርፌ ነበራቸው እኮ» አለ ፔቲቦን።

«ነበራቸው። ፎቶውን ተመልከት። ዕድሜ ልካቸውን ቁልቁለት ላይ እጃቸውን ያላወረዱ ሴትዮ ዛሬ አወረዱ፤ ፈርተው ሳይሆን መርፌያቸውን ፍለጋ። ጉሮሯቸው እየተዘጋ ባዶ ቦርሳ ሲበረብሩ ነው ካሜራው ያነሳቸው። ያን ጊዜ መርፌው ከኋላ፣ ከዳገቱ ሥር አሸዋ ላይ ወድቆ ነበር። ባቡሩ ቀስ ብሎ በሚወጣበት ቦታ ምንም ነገር በራሱ አይወድቅም፤ ተጥሎ ነው። የተጣለውም በባሕሩ በኩል ነው።»

ሁሉም ወደ ባቡሩ ዞሩ። ኮንቼታ የፊቱን ወንበር በእጇ ነካች።

«በባሕሩ በኩል የተቀመጡት ሁለት ናቸው። አንዷ ወይዘሮ ኦዴሳ፤ ነፍሳቸውን በገዛ እጃቸው አይወረውሩም። ሌላዋ ቦርሳውን ይዛላቸው የነበረችው ነች።»

ኦድሪ ፈገግ ለማለት ሞከረች። «ለምን ብዬ? እትዬ ኦዴሳ አሳድገውኛል ማለት ይቻላል።»

«ለደረትሽ ምልክት ብለሽ። ወይዘሮ ኦዴሳ ዛሬ ሕዝብ ፊት ሊናገሩ የነበረው፣ በዚያ ማዕበል እንጨቱን የወጣው ያንቺ አባት አለመሆኑን ነው። የወጣው ካልቪን ሄል ነው። አናጢው። የዚያን ዘመን ጋዜጣ የጥቁር ሰው ፎቶ አላወጣም፤ ታች ቆሞ የነበረውን ነጭ ልጅ አወጣ።»

ዮላንዳ ቀስ ብላ ከመቀመጫዋ ተነሳች።

«ጥሩ ተረት ነው» አለች ኦድሪ። ድምጿ ጠንክሯል። «መጠቅለያ፣ አሸዋ፣ የተጨፈነ ዓይን። ከረሜላውን እኔ ሰጠኋቸው የሚል ማን አለ? እኔ አልሰጠሁም። ፍርድ ቤት ይስቅብሻል።»

ልክ ነበረች፤ ኮንቼታም ታውቀዋለች። ወደ አቶ ቨርነን ዞረች።

«ከጎናቸው የነበሩት እርስዎ ነዎት። ከረሜላውን የሰጧቸው እርስዎ ይሆኑ?»

የሽማግሌው ፊት አመድ መሰለ። «ሰልፍ ላይ… አዎ። እኔ ነኝ የሰጠኋት። ስቃ ተቀበለችኝ።»

«ከከረጢቱ ነው ያወጡት?»

አቶ ቨርነን አልመለሱም። ታች የምረቃው ሙዚቀኞች መለማመድ ጀምረዋል። ኦድሪ አባቷን አየቻቸው፤ እንደ ትንሽ ልጅ «አባዬ» አለች፣ ሌላ ምንም አልጨመረችም። እሳቸው ዕድሜያቸውን ሙሉ ዝም በማለት የኖሩ ሰው ናቸው። ዝምታ ቤት ሠርቶላቸዋል፣ ልጅ አሳድጎላቸዋል፣ ነሐስ አስቀርጾላቸዋል። አሁንም አንድ ዝምታ ብቻ ቢጨምሩ ልጃቸውን ያተርፋሉ። ኮንቼታ ምንም ማድረግ አትችልም፤ ጠበቀች።

«ካልቪን ወደ ላይ ሲወጣ መሰላሉን ያዝልኝ ብሎኝ ነበር» አሉ በመጨረሻ። «ፈርቼ መሰላሉንም ለቅቄ ሸሸሁ። በየዓመቱ እዚህ ነገር ላይ የምወጣው ለመዝናናት አይደለም። ዛሬ ከኦዴሳ ጋር አብረን ልንናገር ተስማምተን ነበር። ትናንት ለልጄ ነገርኳት፤ ከእኔ አፍ ትስማው ብዬ።»

«አባዬ፣ በቃ።»

«ከከረጢቱ አላወጣሁትም። ኦድሪ ናት እጄ ላይ ያስቀመጠችው። ‹ይቺን ለእትዬ ኦዴሳ ስጣቸው፤ ካንተ እጅ ደስ ይላቸዋል› አለችኝ።»

ኦድሪ ከዚያ በኋላ አልካደችም። ስሙን የተሸከምኩት እኔ ነኝ፣ አንተማ ለብሰኸው ብቻ ነው የዞርከው፤ ትምህርት ቤት ስገባም፣ ስወዳደርም፣ ሰው እጄን ሲጨብጥም ያ ስም ነበር እኔ፤ ሁለታችሁ ሽማግሌዎች ሕሊናችሁን ልታሳርፉ ስትሉ እኔን ልትቀብሩኝ ነበር አለቻቸው። እንባ አልነበራትም። ኮንቼታ እጇን አስራ ለባልደረቦቿ አስረከበቻት፤ ኦድሪም ደረጃውን ስትወርድ ወደ ኋላ አላየችም።

ፔቲቦን ግንባሩን እየጠረገ ዝግጅቱ መሰረዙን ሊያስነግር ተጣደፈ። አቶ ቨርነን ግን ቀድመውት ወረዱ። ዮላንዳ እየተመለከተቻቸው ትንሽ ቆማ ነበር፤ ይቅር አላለቻቸውም፣ እጃቸውንም አልያዘችም፤ ግን ተከትላቸው ወረደች። ሰውየው መድረኩ ላይ ወጥተው ማይክሮፎኑን ሲይዙ ፔቲቦን ለድምፅ ሠራተኛው ምልክት ሰጠ፤ ማይክሮፎኑ ጠፋ።

አቶ ቨርነን ማይክሮፎኑን መለሱና ያለ እሱ ጀመሩ። ድምፃቸው የሽማግሌ ነው፤ ነፋሱም ከባሕር ይነፍሳል። ከኋላ የተቀመጡት አልሰማንም አሉ።

«እንግዲያው ቅረቡ» አለች ዮላንዳ ከመድረኩ ሥር ሆና። «ስለ አባቴ ነው።»

ሰዎች ወንበራቸውን እያነሱ ቀረቡ።