የናሙናው ሙሽራ

ገና በሩን እንደገባ ነው የግማሽ ቀን ልፋቴን መሬት ላይ የደፋው!

ዘመኑ 1988 ዓ.ም. ነው። ጎንደር አራዳ፣ የአያ በላቸው ማተሚያ ቤት ውስጥ ፊደል ለቃሚ ነበርኩ። የእርሳስ ፊደሎቹን ከየሳጥናቸው አንድ በአንድ አንስቼ፣ ቃል አድርጌ ትሪ ላይ እደረድራለሁ። እሱ ደግሞ በሰሊጥ ጆንያ ላይ የሚንጠለጠል የስም ወረቀት ሊያሳትም ከሳንጃ መጥቶ፣ ጠረጴዛዬን በክርኑ ተደገፈ። ትሪው ተገለበጠ።

«አላህ ይቅር ይበለኝ... ምን አጠፋሁ?»

«ምን ያላጠፋኸው አለ!» አልኩት በንዴት። «በል ቁጭ ብለህ ልቀም!»

ለነገሩ ያህል ነው ያልኩት። እሱ ግን የምሩን ቁጭ አለ። የሸሚዙ እጅጌ በቀለም እስኪጠቁር ለቀመ። ከዚያ አንዷን ፊደል ወደ ብርሃን አንስቶ አያት።

«ምነው ይቺ ጫማ ያደረገች ትመስላለች?»

ሳቄ መጣ። ያ የድሮው ፊደላችን ነበር። ቋሚው ወፈር፣ አግዳሚው ቀጠን ያለ፣ እግሩ ጫፍ ላይ ትንሽ መርገጫ ያለው። አያ በላቸው በልጅነታቸው ቁስቋም ቤተ ክርስቲያን ቁም ጽሕፈት ተምረዋልና፣ «ከመቃ ብዕር የወጣ መልክ ነው» ይሉታል። ለመጽሐፍ፣ ለምስክር ወረቀት፣ ለሠርግ ጥሪ ከእሱ ሌላ አያስነኩም። ቀጭኑና እግር የሌለው አዲስ ፊደል ለማስታወቂያ ብቻ ነበር።

«መርገጫው ዓይንን ይይዛል» አልኩት። «አንባቢ መስመሩ አይጠፋበትም።»

«የእኔማ ጠፋብኝ» አለና አቀረቀረ።

ስሙ አብዱልመናን ነው። ከዚያ በኋላ ሐሙስ ሐሙስ ወደ ጎንደር ሲወጣ ይመጣ ጀመር። የሚታተም ባይኖረው እንኳ ምክንያት አያጣም። እኔም ሐሙስ ሲሆን ጥሩውን ሻርፕ እለብሳለሁ። ምን እደብቃለሁ፣ ወድጄው ነበር።

አንድ ቀን ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «ፈትሂያ፣ ለአባትሽ ሽማግሌ ብልክ እሺ ይሉኛል?» አለኝ።

ልቤ ቀጥ አለች። አፌ ግን መቼ ለልቤ ይታዘዛል! «ልከህ እየዋ!» አልኩት።

ሳቀ። «በሚቀጥለው ሐሙስ ቀኑን እነግርሻለሁ።»

በዚያው ሳምንት አያ በላቸው ለደንበኛ የሚያሳዩት አዲስ የሠርግ ጥሪ ናሙና አማራቸው። የፊደሉ ውበት ጎልቶ የሚታይበት ስም ሲፈልጉ ቆዩና፣ «የአንች ‘ፈ’ አረጋገጧ ሸጋ ነው» ብለው እኔን ሙሽሪት አደረጉኝ። ለወንዱ ዐብዱልከሪም የሚል ስም ከራሳቸው አወጡ። በዓለም ላይ የሌለ ሰው! ራሴ ለቅሜ፣ ራሴ አትሜ፣ እየሳቅሁ መስኮቱ ላይ ለጠፍኩት። ሐሙስ ዕለት አክስቴ ታማ ልጠይቃት ሄድኩና አረፈድኩ።

ስመለስ አብዱልመናን የለም። በሌላውም ሐሙስ አልመጣም። አራት ወር ሙሉ ድምፁ ጠፋ። ስልክ የለን፤ ደብዳቤ ልጻፍለት ብል ኩራቴ ያዘኝ። በገዛ አፌ የሸኘሁት መሰለኝ። ሰው ሳያየኝ ከወረቀት መደርደሪያው ጀርባ እየገባሁ አለቀስኩ።

ከዚያ አንድ ቀን ረፋድ ላይ መጣ። ከስቷል። በሩ ላይ እንደቆመ፣

«እንዴት ነሽ? ባልሽስ ደህና ነው?» አለኝ።

«የቱ ባሌ?»

«ዐብዱልከሪም ነዋ!... ያን ዕለት የምልካቸውን ሽማግሌዎች መርጬ ልነግርሽ መጥቼ ነበር። የሠርግ ጥሪሽን መስኮቱ ላይ አነበብኩት። ‘ልከህ እየው’ ያልሽኝ ለካ ለዚህ ነው ብዬ፣ ሳልገባ ተመለስኩ።»

የያዝኳቸው ፊደሎች ከእጄ ረገፉ። «ናሙና እኮ ነው! እንዲህ የሚባል ሰው የለም፣ አብዱልመናን!»

አያ በላቸው ከማሽኑ ጀርባ ሆነው ሰሙ። «እኔን ይድፋኝ!» ብለው ራሳቸውን ያዙ።

አብዱልመናን ወንበር ስቦ ተቀመጠ። ከኪሱ የታጠፈ ወረቀት አወጣ። የራሱን የሠርግ ጥሪ ሊያሳትም ነበር የመጣው። ተስፋ ሲቆርጥ፣ አባቱ ያጩለትን የሳንጃ ልጅ እሺ ብሏል። ኒካሁ ሦስት ሳምንት ቀርቶታል።

«እተወዋለሁ» አለ፣ ዓይኑ እንባ ሞልቶ። «ዛሬውኑ ሄጄ እተወዋለሁ። አንች ብቻ እሺ በይኝ።»

እሺ ማለት ፈልጌ ነበር። ወላሂ ፈልጌ ነበር!

«ልጅቱ ትወድሃለች?» አልኩት።

ወረቀቱን መልሶ አጣጠፈው።

«ንገረኝ እንጂ።»

«የሠርግ ልብሷን በእጇ እየጠለፈች ነው» አለ፣ መሬት መሬቱን እያየ።

«እንግዲያው አትተዋትም። እኔ ምን እንዳጠፋሁ ሳይነገረኝ አራት ወር በር በሩን ሳይ ከርሜያለሁ። ያን ሌላ ሴት ላይ አላደርግም።»

«አንችስ?»

«እኔማ ወድጄህ ነበር። አሁንም እወድሃለሁ። ይኸው ነገርኩህ... ያኔ ነበር መናገር የነበረብኝ።»

ሁለታችንም አለቀስን። አያ በላቸው ቀስ ብለው መጥተው ትሪውን ሊቀበሉኝ እጃቸውን ዘረጉ።

«ልጄ፣ ይሄንን ጥሪ እንኳ እኔ ልልቀመው።»

«አይ፣ አያ። እኔ ነኝ የምለቅመው።»

ፊቴን በእጅጌዬ ጠረግሁ። የድሮውን ፊደል ሳጥን ወደ ራሴ ሳብኩ።

«የሙሽሪት ስም ማነው?» አልኩት።

«ሙሚና።»

‘ሙ’ን አነሳሁና ትሪው ላይ አስቀመጥኳት።