«እኔ ጋ ይሠራል»

መሐንዲሱ ሰርቨር ክፍሉ ወለል ላይ በግንባሩ ተደፍቶ ተገኘ። ማጅራቱን የመታው የባትሪ ሣጥን አጠገቡ ወድቋል። ሐኪሙ «ጠዋት ሦስት ሰዓት ገደማ ነው የሞተው» አለ። ዛሬ ሠራተኛው ሁሉ ከቤቱ ሆኖ በቪፒኤን፣ በኢንተርኔት ወደ ቢሮው ሰርቨር እየገባ ስለሚሠራ፣ ሕንፃው ውስጥ ነበሩ የተባሉት ሽማግሌው ዘበኛ ብቻ ናቸው።

«በእኔ በር ዝንብ አልገባም፣ ልጄ» አሏት መርማሪዋን፣ በካቴና የታሰረ እጃቸውን እያዩ። «የጓሮውን በር ቁልፍ የያዙት ሟች፣ ሥራ አስኪያጇና ምክትል መሐንዲሱ ናቸው።»

የመርማሪዋ አለቃ ግን በስልክ «እስከ አሥር ሰዓት ሽማግሌውን ይዘሽልኝ ነይ!» ብሎ ጆሮዋ ላይ ዘጋ።

ደሟ ፈልቷል። ከየቤታቸው የተጠሩትን ሠራተኞች ስለ ሟች ስትጠይቅ የሚመልሱላት ስለ ኢንተርኔት ነው።

«ሟች ጠዋት ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ ራሱ የቀረጸውን ቪዲዮ ከሰርቨሩ ከፈተልን» አለች ሥራ አስኪያጇ። «ስለ ኢንተርኔት መስመሩ እቅድ ነው። ምን ዋጋ አለው? ሦስቴ ሲቆምብኝ ዘጋሁት!»

«የእኔማ አፉን እንደከፈተ ደርቆ ቀረ» አለ ሒሳብ ሹሙ። «ስድስት ወር አቤት አልን፤ የሰማን የለም።»

«ሰው ሞቶ እናንተ ስለ መስመር!» ብላ መርማሪዋ ጮኸችባቸው።

ምክትል መሐንዲሱ ፈገግ አለ። የሙያው ሰዎች አመል አለባቸው፤ ቅሬታ ሲሰሙ መልሱ ምላሳቸው ላይ ነው።

«እኔ ጋ ይሠራል! እኔም ቤቴ ሆኜ ነው ያየሁት። ከፈለግሽ ከጫፍ እስከ ጫፍ ልንገርሽ። ‹መስመራችንን የሚያጣብበውን፣ የእኛ ያልሆነውን ጭነት ነገ እቆርጣለሁ› ብሏል።»

መርማሪዋ ሟች ግድግዳው ላይ የለጠፈውን የመስመር እቅድ አየች። ከየቤቱ የሚመጡት መስመሮች ሁሉ እኩል ድርሻ ይዘው በአንድ ጠባብ መግቢያ ያልፋሉ። ከቢሮው ጠረጴዛዎች የሚነሡት መግቢያውን ሳይነኩ ሰርቨሩ ጋ ይደርሳሉ። ጥግ ላይ አንድ የኢንተርኔት አድራሻ በቀይ ተሰምሮበታል።

ለአሥር ሰዓት ሩብ ጉዳይ ሲል ሰበሰበቻቸው።

«ንጭንጫችሁ አንጀቴን አሳርሮት ነበር» አለች። «ለካ ፍንጩ እሱ ነው። ከቤቱ የገባ ሁሉ ዛሬ ጠባቡ መግቢያ ላይ ታንቋል። ቪዲዮውን ሳይቆምበት ያየ ሰው ቤቱ አልነበረም።» ወደ ምክትሉ ዞረች። «በጓሮ ገብተህ እዚህ ጠረጴዛህ ላይ ነበርክ። ‹ነገ እቆርጣለሁ› ያለባትን ዓረፍተ ነገር ከአንተ በቀር የሰማ የለም። ቀይ የተሰመረበትን አድራሻ አጣራሁ፤ የወንድምህ ቪዲዮ ቤት ነው። የቢሮውን መስመር ግማሽ ወደዚያ ያዞርከው አንተ ነህ።»

«ለመንኩት» አለ ምክትሉ፣ ድምፁ ሰልሎ። «ለማንም ሳይናገር ራሴ እንድቆርጠው ለመንኩት። እምቢ አለኝ።»

ካቴናው ከሽማግሌው እጅ ወደ ምክትሉ ተሻገረ። የወንድምየው መስመር ሲነቀል፣ ሥራ አስኪያጇ ቪዲዮውን በስልኳ፣ በዚያው ጠባብ መግቢያ በኩል ከፈተችው። አንዴም ሳይቆም እስከ መጨረሻው ሄደ።

«ቅሬታችሁን ሰምቻለሁ» አለ ሟች በቪዲዮው። «ከነገ ጀምሮ አይቆራረጥባችሁም።»

ሒሳብ ሹሙ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ።